ወንድ የማይገባበት ጓሮ፦ ከዘጌ እስከ ወልቂጤ

ከጉዞ የተመለስን ሰሞን እትዬ አንጓች በሴቶች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ተነስታ ያየችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። የኔ ተራ ሲደርስ ቆምኩ፤ መሬት መሬቱን አየሁ፤ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ሳቁ እንጂ አልተቆጡኝም። «እንግዲያው ጻፊውና ሌላ ሰው ያንብብልን» አሉኝ። በአፌ ያልቻልኩትን በእጄ ልሞክር ብዬ ጻፍኩት። እዚያ አገር ሄዳችሁ ለማታዩት ነውና ያየሁትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። እትዬ አንጓች የማኅበሩ ሊቀመንበር ስለሆነች፣ እኔ ደግሞ ከማኅበሩ ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ተመረጥን። የመራን ሸምሱ ነው፤ እኛ ጋ የሚሠራው የግብርና ባለሙያ፣ አገሩ ቡታጅራ። የተላክነው ለልምድ ልውውጥ ነበር። ወልቂጤ አጠገብ ያሉ ሴቶች ቡናቸውን ራሳቸው አድርቀው በራሳቸው ስም ማስረከብ ጀምረዋል ተብሎ ነው። እኛ ዘጌ ሴቱ ቡናውን ይለቅማል፣ ያሰጣል፣ ይወቅጣል፤ ሲሸጥ ግን አብሮ አይሄድም። እንዴት አድርገው እንደቻሉ እንድናይ ተባለ።

የመጀመሪያው ቀን

ከባሕር ዳር አውቶቡስ የተነሣው ገና ሳይነጋ ነው። እስከ ደጀን ደህና ነበርኩ። የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ግን ጠመዝማዛው መንገድ አዞረኝ። ከፊቴ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ዘወር ብላ ግማሽ ሎሚ ሰጠችኝ። እትዬ አንጓች ራሷን ያዘች።

«ከሎሚ አገር ወጥተን ሎሚ እንለምን? ጉድ ነው!»

አዲስ አበባ የደረስነው መሽቶ ነው። ስለ አዲስ አበባ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ያደርንበት አልጋ ቤት ግድግዳው ስስ ስለነበረ የጎረቤቱን ሳል ስንቆጥር አደርን።

ሁለተኛው ቀን

ወደ ቡታጅራ ስንሄድ ሸምሱ ጥያ ላይ «እዚህ ነው የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ድንጋዮች ያሉት፤ ሰይፍ የተቀረጸባቸው» አለን። ድንጋዮቹ ከመንገድ ገባ ብለው ስለሆኑ እኛ ያየነው ታፔላውን ብቻ ነው። እትዬ አንጓች ለታፔላውም አማተበችለት።

ቡታጅራ ባጃጅ ይርመሰመስባታል። ገበያው ውስጥ በርበሬው እንደኛ የቡና ክምር ተቆልሎ ሳየው ዓይኔ አለቀሰ። ሰው ሁሉ ግን በመካከሉ ሲነግድ አያስነጥሰውም። «ለምደነዋል» አለ ሸምሱ።

ያደርነው በእናቱ ቤት ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ይባላሉ። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ሲቀበሉን እኔ ምን እንደሚመለስ ስላላወቅኩ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ልክ አደረግኩ መሰለኝ፣ ጉንጬን ያዙኝ። ከዚያ ማጀት ገብተው በቅቤ የራሰ ክትፎ ይዘው ሲወጡ እኔና እትዬ አንጓች ተያየን። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ጾም ላይ ነን። እኔ ለመናገር አፈርኩ። እትዬ አንጓች ነገረቻቸው።

«ወይኔ! አንተ ልጅ፣ ለምን አልነገርከኝም?» ብለው ሸምሱን በክንዱ መቱት። ቀጥለው ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ። የጠፉትን ያህል ጠፍተው ሲመለሱ አዲስ ሸክላ ድስት ታቅፈዋል። ክርስቲያን ጎረቤታቸው ዘንድ ሄደው ሥጋ ያልነካው ድስት ተውሰው ነው። በዚያ ድስት ጎመንና ምስር በዘይት ሠሩልን። እኛ እስክንበላ ድረስ እሳቸው ክትፎውን አልቀመሱም። በኛ አገር ሙስሊም እንግዳ ቢመጣብን እንዲህ አስበንለት እናውቅ ይሆን ብዬ አሰብኩ። መልሱን ስለማላውቅ አልጽፈውም።

ሦስተኛው ቀን

ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ በኩል ተራራውን የሚያቋርጥ ጠጠር መንገድ አለ። አንድ ፒክአፕ ጭነት ጭኖ ሲሄድ ከኋላ ወጣን። ተራራው አናት ላይ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ነበር። ሾፌሩ ጎማውን ተሸክሞ በሌላ መኪና ወረደ፤ እኛ ነፋሱ ላይ ቀረን። የሐይቅ ዳር ሰው እንዲህ ያለ ብርድ አያውቅም። እትዬ አንጓች ጋቢዋን አውልቃ በግድ አለበሰችኝ።

«አንቺስ?» ስላት፣

«እኔ ስብ አለኝ፤ አንቺ ግን እንጨት ነሽ» አለች።

ከመንገዱ በላይ ካለች ጎጆ አንዲት ሴት አይታን ጠራችን። አማርኛ አትችልም፤ እኛም የሷን አንችልም። እሳቱ ዳር አስቀመጠችን፤ የገብስ ቆሎ አፈሰችልን፤ የእትዬ አንጓችን እግር ይዛ በእጇ አሸችላት። ሾፌሩ ተመልሶ ጥሩንባ ሲነፋ የቀረውን ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅንም። የእትዬ አንጓች አፍንጫ ግን ያኔውኑ ተደፈነ፤ እስክንመለስም አልተከፈተም።

ቁልቁል ስንወርድ አገሩ ሌላ ሆነ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቤቶቹ ተሰልፈው፣ በመካከላቸው እንደ ሜዳ የሰፋ ለምለም ሣር አለ። ጀፎረ ይሉታል። የሰፈሩ መንገድም፣ መሰብሰቢያም፣ ልቅሶ መቀመጫም እሱ ነው። ከቤቶቹ ጀርባ እንሰት ጥቅጥቅ ብሏል። እኛ ቤት ቡናው እስከ በር ድረስ እንደሚመጣ እዚያ እንሰቱ እስከ በር ይመጣል፤ ቡናው ደግሞ በእንሰቱ ጥላ ሥር ይበቅላል።

የተቀበለችን ፈለቀች የምትባል ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይሆናል። ባለቤቷ አቶ ዘርጋ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ቤቱ ክብ ነው፤ ወለሉ ተጠርጎ ያብረቀርቃል። ጫማዬን የት እንደማወልቅ ስፈልግ እትዬ ፈለቀች ሳቀች።

«ልጄ፣ ግቢ። ቤት የሚጠረገው ሊረገጥ ነው።»

አራተኛው ቀን

ጠዋት ወደ ጓሮ ወሰደችን። ሸምሱ እንሰቱ ዳር ካለው የቀርከሃ አጥር ሲደርስ ቆመ።

«ና እንጂ» አለችው እትዬ አንጓች።

«እኔ አልገባም። እንሰት እየፋቁ ነው።»

አጥሩን አልፈን ስንገባ አራት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዷ አንድ እግሯን ወደ ላይ ዘርግታ የእንሰቱን ልጥ ዘንበል ብሎ በቆመ ጣውላ ላይ በተረከዟ ትይዘዋለች፤ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ነጩ ነገር ይወርዳል፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ስለሚሠሩ ወንድ እዚያ መግባት ነውር ነው። ባል ቢሆንም አይገባም። ጉዳይ ካለው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ይጣራል።

ከእነሱ ወዲያ አምስት የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ቆመዋል። ከእንጨት የተሠሩ፣ በላያቸው ሽቦ የተወጠረባቸው ናቸው። በቀይነቱ የተለቀመ ቡና ተዘርግቶባቸው ደርቆ ጠቁሯል። እኛ መሬት ላይ የምናሰጣውን ቡና ዶሮ ሲጭረው፣ ፍየል ሲረግጠው ትዝ አለኝ።

«ለምን እዚህ ጓሮ አደረጋችሁት? ደጅ ፀሐዩ አይሻልም?» አለች እትዬ አንጓች በተደፈነ አፍንጫዋ።

ሴቶቹ ተያዩና ሳቁ። ከመካከላቸው ምስራቅ የምትባለው፣ ከኔ ብዙም የማትበልጠው፣ ሳቋ አላቆም አላት።

«ደጅ በነበረ ጊዜ የዘርጋ ነበር» አለች እትዬ ፈለቀች። «ሲወጣ አንድ ጣሳ ይወስዳል፣ ሲገባ አንድ ጣሳ። እንግዳ መጣ፣ አንድ ጣሳ። ቡናው ሳይደርቅ ያልቃል። ቀበሌ ከሰስን፤ መከሩን። ሥልጠና ወሰድን፤ አጨበጨብን። ጣሳው ግን አልቆመም። አንድ ቀን እንሰት እየፋቅኩ አሰብኩት። እንሰቱን ማንም አይነካብኝም። ለምን? እዚህ ስለማይገባ። እንግዲያው ቡናውስ እዚህ ቢሆን?»

«ወንዶቹ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ሕግ አላወጣንባቸውም። አልጋውን ብቻ አዞርነው።»

እኔ ይህን ስሰማ ተደነቅኩ። የተማሩ ሰዎች ስንት ጊዜ እኛ ጋ መጥተው በወረቀት ያስረዱን ነገር ነው። እዚህ አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ እናቷ ካወረሰቻት ነውር ላይ ተነሥታ፣ ያለ ጠብ ፈጽማዋለች። የእነዚህ የአራቱ ጎረቤቶቿ ጓሮ ጠባብ ስለሆነ አልጋቸውን እሷ ጓሮ አስገብታላቸዋለች።

ነገር ግን ችግር ነበር። ባለፈው ዓመት ቡናውን ወልቂጤ ወደሚገኝ መጋዘን ቢወስዱት «ሽታ አለው» ተብሎ ተመለሰ። የምን ሽታ? የመለሰው ሰው «እናንተው ፈልጉት» አለ። እነሱ አሸተቱት፤ ምንም የለም። ሸምሱም አምና ለዕረፍት አገሩ ሲመጣ አሽትቶት ምንም አላገኘም። ወንዶቹ ሳቁ። ነገሩ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበና እንዲህ ተባለ፦ ዘንድሮ ቡናው ከተመለሰ አልጋው ሁሉ ወደ ደጅ ይውጣ። ቡናው የሚወሰደው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነበር።

እትዬ ፈለቀች ከአንዱ አልጋ እፍኝ አንሥታ ወደኔ ዘረጋች።

«እኅታችን ጉንፋን ይዟታል። አንቺ ግን የእንግዳ አፍንጫ አለሽ። አሽቺልኝ፤ እውነቱን ንገሪኝ።»

አሸተትኩ። ወዲያው አወቅኩት። ትናንት ማታ ለራት ያቀረቡልን፣ ጠዋትም የበላሁት፣ ይኸው አጠገባችን ካለው ጉድጓድ የሚወጣው የቆጮ ሽታ ነው። በቆጮ ያደገ ሰው እንዴት ያውቀዋል? ለነሱ አየር ማለት ነው። እኔ ግን ምን ልበል? ትናንት ማታ አልጋዋን ለቃልኝ መሬት ላይ የተኛች ሴት፣ ቆጮዋን «ደስ ይላል» ብዬ የበላሁላት ሴት ፊት ቆሜ «ምግባችሁ ይሸታል» ልበል? አምስቱም ሴቶች ያዩኛል።

«ቡና ቡና ነው የሚሸተው» አልኩ።

እልል አሉ። ምስራቅ አቀፈችኝ።

ያን ቀን ከእትዬ ፈለቀች ዓይን ስሸሽ አመሸሁ።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት እትዬ ፈለቀች ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ተከተልኳት። ምንጩ ጋ ስንደርስ ጀሪካኑን ያዝኩላት። ሞልቶ ሲፈስ እንኳ አላየሁትም።

«ምን ሆነሻል?»

«ትናንት ዋሽቼሻለሁ።»

ጀሪካኑን አቃናችና ጠበቀችኝ። ነገርኳት። እየነገርኳት አለቀስኩ፤ ስለ ምግባቸው የተናገርኩት እንዳያስከፋት ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሷ ግን ምግቡን አልሰማችውም፤ ቡናውን ነው የሰማችው።

«ከአምስቱም ነው?»

«እኔ ያሸተትኩት አንዱን ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል? ነገ ወልቂጤ ከምትነግሪኝ ዛሬ ምንጭ ዳር ብትነግሪኝ ይሻላል። ተነሽ።»

ሴቶቹን ጠራች። ዓይኔን እንድጨፍን አደረጉኝ፤ የማን እንደሆነ አውቄ እንዳላዳላ ነው። እያንዳንዷ ከአልጋዋ ጥቂት ቡና በጣባ ይዛ ትመጣለች። እፍኜ ውስጥ አድርጌ ትንፋሼን እተነፍስበታለሁ፤ ሲሞቅ አሸተዋለሁ። አንደኛው ደህና። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ደህና። አራተኛው ላይ ቆየሁ፤ እሱም ደህና ነው።

አምስተኛው እጄ ላይ ሳያርፍ አወቅኩት።

«ይሄ ነው» አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ጣባውን የያዘችው እትዬ ፈለቀች ናት።

የሷ አልጋ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ ነፋሱ የጉድጓዱን ሽታ በሚያመጣበት በኩል ነበር። ጎረቤቶቿ አልጋቸውን ሲያመጡ ፀሐይ የሚያገኘውንና የራቀውን ቦታ ለእነሱ ሰጥታ፣ የተረፈው ላይ የራሷን ተከለች። ያስተናገደችኝ ሴት ዓመት ሙሉ የለፋችበትን በአንድ ቃል አጠፋሁት። የምገባበት ጠፋኝ።

«እንቀላቅለው» አለች ምስራቅ ቶሎ ብላ። «ከአራታችን ጋር ሲደባለቅ ማን ያውቃል?»

«አምና የት ነበርሽ?» አለቻት እትዬ ፈለቀች። «አምናም ተደባልቆ ነው የሄደው። የአንዷ ሽታ አምስታችንን መለሰን። ዘንድሮ የኔ እዚህ ይቀራል፤ የእናንተ ይሄዳል።»

«ታዲያ ያንቺን ዘርጋ ወደ ደጅ ካወጣውስ?»

እትዬ ፈለቀች ዘወር አለች። ጆንያ ይዛ የሌሎቹን ቡና አብራ መሙላት ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ እያየኋት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ራሷ አልጋ አልዞረችም።

ስድስተኛው ቀን

ወልቂጤ የሄድነው በአይሱዙ ነው፤ ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጠን። ከተማዋ ከቡታጅራ ትበርዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሞቃት ናት። አቶ ዘርጋም አብረውን መጡ። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ከአጥሩ ተደግፈው ቆሙ እንጂ አልገቡም።

መርማሪው መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። ከእያንዳንዱ ጆንያ በረጅም ብረት ወግቶ ቡና አወጣ። ነከሰው፣ አሸተተው፣ ጥቂቱን ፈለፈለና ቆላ፣ እንደገና አሸተተ። እኛ ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል። ምስራቅ እጄን ይዛ ጥፍሯን ሰክታብኛለች።

«እናንተ አምና የመለስኳችሁ አይደላችሁም?» አለ ቀና ሳይል።

«ነን» አለች እትዬ ፈለቀች።

«የዘንድሮው ንጹሕ ነው። ምን አደረጋችሁት?»

«እንግዳ አሸተተችልን።»

ሰውየው ዘወር ብሎ አየን። እኔ ከእትዬ አንጓች ጀርባ ገባሁ።

መዝገቡን ከፈተና «በማን ስም ይጻፍ?» አለ። አራቱም ተራ በተራ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ። ምስራቅ ስሟን ስትናገር ድምፅዋ ስለጠፋባት ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ሰውየው በብዕሩ ወደ እትዬ ፈለቀች አመለከተ።

«ያንቺስ?»

«የኔ የሚሸተው ነው። ቤት ትቼዋለሁ።»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። በሥራው ብዙ ሰው «የኔ ንጹሕ ነው» እያለ ሲምል ሰምቷል መሰለኝ፤ እንዲህ የሚል ሰው የሰማ ግን አይመስልም። አጥሩ ጋ የቆሙት አቶ ዘርጋም ሰምተዋል። ስንወጣ ቀድመውን ሄዱ። እትዬ አንጓች ጆሮዬ ላይ «ይሄ ሰው ነገ አልጋውን ይነቅለዋል» አለችኝ። እኔም እንደዚያ ነው የፈራሁት።

ሰባተኛው ቀን

የምንሄድበት መኪና ጀፎረው ላይ ደርሶ ሸምሱ ዕቃችንን እየጫነ ነበር። እኛ ለመሰናበት ጓሮ ገባን። ሴቶቹ እንሰት ፍቀው ጨርሰው መሬቱን እየጠረጉ ናቸው። እትዬ ፈለቀች አልጋዋ ላይ ቀርታ፣ ያን የማይሸጥ ቡና በእጇ ታገላብጠዋለች።

ያኔ ከአጥሩ ውጭ አቶ ዘርጋ መጥተው ቆሙ። መቆፈሪያ ይዘዋል። የእትዬ ፈለቀች እጅ ቡናው ላይ ቆመ። አልጋውን ለመንቀል የሚያስፈልገው ያው መቆፈሪያ ነው፤ እግሮቹ በደንብ ነው የተተከሉት።

የተነጋገሩት በጉራግኛ ነው። ምስራቅ በጆሮዬ እየተረጎመችልኝ ሰማሁ።

«ፈለቀች።»

«አቤት።»

«ፍቃችሁ ጨርሳችኋል?»

«ጨርሰናል። ምን ፈለግህ?»

አቶ ዘርጋ መቆፈሪያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩት። እንዲያ ያለ ትልቅ ሰው እንደ ተማሪ አጥር ዳር ቆሞ ቃል ሲፈልግ አይቼ አላውቅም።

«ጉድጓዱ ነው አሉ ያበላሸው» አሉ። «አልጋው አይነሣም። ጉድጓዱ ይነሣ። ጉድጓድ የምቆፍረው እኔ ነኝ፤ የት ላድርገው?»

ሴቶቹ ሁሉ መጥረግ አቆሙ። እትዬ ፈለቀች የጀመረችውን እፍኝ ቡና ገልብጣ ጨረሰች፤ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ከአልጋዎቹ ርቃ፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት፣ እንሰቱ ወደሚያልቅበት የጓሮው ጫፍ ወረደች። እዚያ ቆማ ነፋሱን በፊቷ ለካች። ተረከዟን መሬት ውስጥ ሰክታ እየጎተተች ዙሪያውን ክብ አድርጋ አሠመረችው።

ባሏ አጥሩ ጋ እንደቆሙ ናቸው። ማንም አልያዛቸውም፤ አጥሩም ከወገባቸው አይበልጥም። ግን ጠበቁ።

እትዬ ፈለቀች ቀና አለች።

«አሁን ግባ» አለቻቸው።